አንገቱ ላይ የሚሰበር ቦቢን፦ ለአንድ እንጨት ሠሪ ወንድም የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ባሕር ዳር የቤት ዕቃ ወርክሾፕ አለኝ። እንግሊዝ አገር፣ ኖርዛምፕተን የምትኖር እህቴ በእጅ የሚሠራ ዳንቴል እየተማረች ነው። ክር የሚጠቀለልበትን ቀጭን እንጨት አንድ ላከችልኝና 24 ጥንድ ሥራልኝ አለች። ሁለት አንገት አለው፣ ጫፉ ላይ ጨሌ ተንጠልጥሎበታል። በመጋዝ ቀጭን ቀጭን አድርጌ የቆረጥኩትን ዋንዛ፣ የጠረጴዛ እግር በምሠራበት ቶርኖ ላይ ሞከርኩት። ከ20ው 13ቱ አንገታቸው ላይ ተሰበሩ። የተረፉትን ቬርኒሽ ቀብቼ ብልክላት ክሩን ይይዛል፣ ይቦጭቃል አለችኝ። ምን እንጨት ልጠቀም? ጥፋቴ ምንድን ነው? ጨሌው ለጌጥ ከሆነስ ብተወው ምን አለበት?»

ሰላም ወንድሜ። ዋናውን ነገር ቀድሜ ልንገርህ፦ እጅህ ጥፋት የለበትም፣ ጥፋቱ መጋዝህ ላይ ነው። እነዚያ 13ቱ ቶርኖ ላይ ከመውጣታቸው በፊት የተሰበሩ ናቸው፤ ቶርኖው ያደረገው ስብራቱን ለአንተ ማሳየት ብቻ ነው።

እኔም በዚሁ በር ነው የገባሁት። አዲስ አበባ ብረት ቶርኖ ላይ ሠርቻለሁ፤ ወደ እንጨት የዞርኩት ከአገር ከወጣሁ በኋላ ነው። አሁን እንግሊዝ አገር፣ ቤድፎርድ አካባቢ እኖራለሁ፣ ከሥራ የተረፈኝን ሰዓት የዳንቴል ቦቢን፣ ማለትም እህትህ የላከችልህን ዓይነት የክር እንጨት፣ በመሥራት አሳልፋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ይዤ ዳንቴል ሠሪዎች የሚሰበሰቡበት ገበያ ስወጣ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው አንዱን አነሱ። ያን ሁሉ የለፋሁበትን ቀለበትና ቅርጽ ዓይናቸውን ጣል እንኳ አላደረጉበትም። ከቦርሳቸው የአሮጌ ስቶኪንግ ቁራጭ አወጡና አንገቱ ላይ ሸርተት አደረጉት። ስቶኪንጉ ያዝ አደረገው። ቦቢኑን በቀስታ መልሰው አስቀምጠው፣ ፈገግ ብለውልኝ ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የስቶኪንግ ቁራጭ ከቶርኖዬ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። አንተም አንድ ፈልግ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ቅርጹን ከመቅዳትህ በፊት ዕቃው ምን እንደሚሠራ እንግባባ። ቦቢን ስል የስፌት መኪና ውስጥ የምትገባዋን ክብ ብረት ማለቴ አይደለም። እኛ አገር ዳንቴል የምንለው፣ እናቶቻችን ለሶፋና ለቴሌቪዥን ልብስ የሚሠሩት፣ አንድ ክርና አንድ ኪሮሽ ነው የሚፈልገው። እህትህ የያዘችው ሌላ ሙያ ነው። ክሩ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱ በየራሱ ቦቢን ላይ ተጠቅልሎ፣ ጭድ እስኪደድር በተጠቀጠቀበት ትራስ ላይ ይወርዳል። ሠሪዋ አራት አራቱን እየያዘች ሁለት ነገር ብቻ ታደርጋለች፦ ታሻግራለች፣ ታጠማዝዛለች። የሠራችውን በስፒል እየወጋች ባለበት ታቆመዋለች፣ ከዚያ ወደሚቀጥሉት አራት ታልፋለች። የኪሮሽ ሳይሆን የሹሩባ ዘመድ ነው። ለጠባብ ጥለት አንድ ደርዘን ጥንድ ይበቃል፤ ለሰፊ ሥራ መቶዎች ትራሱ ላይ ይደረደራሉ፣ ሲሠራባቸውም እርስ በርስ እየተጋጩ ቀጭ ቀጭ ይላሉ።

እንግዲህ ቦቢኑ ክር ያከማቻል፣ በክብደቱ ክሩን ወጥሮ ይይዛል፣ ጣት ነጩን ክር ነክቶ እንዳያቆሽሸውም መያዣ ይሆናል። እህትህ የላከችልህን አንሳና ተመልከተው። ከላይ ትንሽ ራስ አለች፣ ከሥሯ አጭር አንገት፣ ከዚያ ቀጭን ቀለበት፣ ከዚያ ረጅሙ አንገት፣ ከዚያ ትከሻና እጀታ፣ ጫፉ ላይ ቀዳዳ። ክሩ የሚጠቀለለው ረጅሙ አንገት ላይ ነው። አጭሩ አንገት ላይ ክሩ አንዲት ሸምቀቆ ይገባል፤ ቦቢኑ ሲንጠለጠል ክሩ ተተርትሮ እንዳያልቅ የምትቆልፈው እሷ ናት። ሠሪዋ ክር ሲያጥራት ቦቢኑን አዘንብላ ታሽከረክረዋለች፣ ሸምቀቆዋ ላላ ብላ ክር ትለቃለች፤ ቦቢኑ ቀጥ ሲል መልሳ ትይዛለች። አየኸው? ቁልፉም በሩም ያለው አንገቱ ላይ ነው። ሸካራ ከሆነ ሸምቀቆዋ አትንሸራተትም፣ ቀጭኑ ክር ይበጠሳል። ራሷ በጣም ካነሰች ወይም ጠርዟ ከተሞረደ ደግሞ ሸምቀቆዋ ሾልካ ትወጣለች። እጀታው ላይ የምታወጣው ጌጥ ለዓይን ነው፤ ከትከሻው በላይ ያለው ግን ለክር ነው፣ ክር ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም።

የያዝከው፣ እንደገለጽከው ከሆነ፣ የእንግሊዝ ምሥራቅ ሚድላንድስ ዓይነት ነው፤ የቤድፎርድሻየር፣ የበኪንግሃምሻየርና የኖርዛምፕተንሻየር። ይህን የምልህ ኢንተርኔት ላይ የሌላ አገር ፎቶ አይተህ እንዳትቀላቅል ነው። የቤልጅጉ የብሩዥ ቦቢን ጨሌ የለውም፤ ክብደቱን የሚያገኘው እንደ ሽንኩርት ካበጠው ጫፉ ነው። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በሆኒተን፣ ቀጭን፣ ቀላልና ጫፉ ሹል ነው፤ እዚያ ቦቢኑ ራሱ በዳንቴሉ ጠባብ ዓይን ውስጥ ማለፍ ስላለበት ጨሌ ቢንጠለጠልበት ሥራውን ያበላሻል። በጀርመን የኤርትስገቢርገ ተራሮች ደግሞ ክሩ እንዳይቆሽሽ አንገቱን የእንጨት ቱቦ ያለብሱታል። ሁሉም ልክ ነው፣ ሁሉም ግን በየራሱ ትራስና ክር ላይ ነው ልክ የሚሆነው።

አሁን ወደ ስብራቱ። እኔ የምሠራው ቦቢን ርዝመቱ 95 ሚሊ ሜትር ያህል፣ እጀታው 7፣ ረጅሙ አንገት 22 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነው። እህትህ የላከችልህን በካሊፐር ለካው፣ ብዙም አይርቅም። እንጨት በርዝመቱ የተደረደረ ቃጫ ነው፣ ጥንካሬውም ያ ቃጫ ነው። ጣውላ በመጋዝ ስትቀድ መጋዙ የሚሄደው አንተ ባሰመርከው መስመር እንጂ ቃጫው በሚሄድበት አይደለም። ቃጫው በ22 ሚሊ ሜትር ርዝመት ውስጥ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያዘነብል፣ በአንገቱ አንድ ጎን የገባው ቃጫ ትከሻው ጋ ሳይደርስ በሌላው ጎን ይወጣል። ይህ ማለት ከራስ እስከ ትከሻ ሳይቋረጥ የሚሄድ አንድም ቃጫ የለም ማለት ነው። አንገቱ የተያያዘው ጎን ለጎን በተጣበቁ ቁርጥራጮች ብቻ ይሆናል፣ ያ ደግሞ የእንጨት ደካማው ጎን ነው። ለጠረጴዛ እግር እንዲህ ያለ ማዘንበል ከምንም አይቆጠርም፤ 70 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላለው ቃጫው ማምለጫ ያጣል። ስለዚህ የለመድከው ዓይን እዚህ ያታልልሃል።

መድኃኒቱ መሰንጠቅ ነው። እንጨቱን በ13 ሴንቲ ሜትር ቆርጠህ አቁመው፣ ወፍራም ቢላ ራሱ ላይ አስቀምጥና በመዶሻ ምታው። ፍንጣቂው ቃጫውን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ አንተን አይሰማም። ግማሹን ደግመህ ሰንጥቅ፣ 12 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪሆን ድረስ ቀጥል። የተጣመመ ሆኖ የወጣውን አታቃናው፣ ምድጃ ውስጥ ጨምረው። ቀጥ ብሎ የወጣውን በመላጊያ አራት ማዕዘን አድርገው። ብክነቱ መጀመሪያ ያሳዝናል። እኔም ብረት ለምዶብኝ ስለነበር (ብረት ወዲያም ወዲህም ብትቆርጠው ብረት ነው) ይህን ለመቀበል አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶብኛል።

ዋንዛን ተወው። ጥሩ እንጨት ነው፣ ለቁምሳጥንና ለጠረጴዛ የሚያህለው የለም፤ ግን ለስላሳ ነው፣ ቀዳዳዎቹም ሰፋፊ ናቸው። እነዚያ ቀዳዳዎች አንገቱ ላይ ሲከፈቱ እንደ ትንንሽ ጥርስ ክር ይይዛሉ። ባሕር ዛፍ አይሆንህም፣ ቃጫው ይጣመማል፤ ጥድም ይሰነጠቃል። የምትፈልገው ቀዳዳው የማይታይ፣ ከባድ፣ ሲቆርጡት እንደ ደረቅ ሳሙና የሚላጥ እንጨት ነው። እዚህ አገር የድሮዎቹ ሠሪዎች ከየአጥሩና ከየጓሮው ያገኙትን ነበር የሚጠቀሙት፦ ፕሪም፣ ፖም፣ ቼሪ፣ ሜፕል፣ ዩው። «የእንዝርት ዛፍ» ብለው የሚጠሩት ቁጥቋጦ ሳይቀር አለ፤ ስሙን ያገኘው የጥጥና የሱፍ እንዝርት ስለሚሠራበት ነው። አጥንትም ይጠቀሙ ነበር፤ ዳንቴልን በድሮው እንግሊዝኛ «የአጥንት ዳንቴል» ይሉት የነበረውም ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው ይባላል።

አንተ ጋ ያለው ግን ከዚህ አያንስም፣ እንዲያውም አንዳንዱ ይበልጣል። የመጀመሪያ ምርጫዬ ወይራ ነው። አዲስ ዛፍ እንዳትነካ፤ የተሰበረ የመጥረቢያ ወይም የዶማ እጀታ ፈልግ። እጀታ ሠሪው ቀጥ ያለውን መርጦልሃል፣ ዓመታት አድርቀውልሃል፤ ከአንዱ እጀታ 15 ያህል ቦቢን ይወጣሃል። ወይራ ጠመዝማዛ ጠባይ አለው፣ ስለዚህ ስትሰነጥቅ ጨክነህ ጣል። ክትክታም ጠንካራና ከባድ ነው፣ ቀጥ ያለ ካገኘህ አትለፈው። የሎሚና የብርቱካን ቅርንጫፍም ይሆናል፤ ደቃቅ ነው፣ ቶሎ ይለሰልሳል።

ከሁሉም ይልቅ እንድትሞክረው የምፈልገው ግን የቡና እንጨት ነው። ዘጌ አፍንጫህ ሥር ነው! ያረጀ ቡና ሲጎነደል ግንዱ ማገዶ ይሆናል። ያ ማገዶ ፈዛዛ፣ ጠንካራ፣ ቃጫው ደቃቅ እንጨት ነው፤ ቀለሙ ወደ ክር አይሄድም፣ ሲለሰልስ ጥርስ ይመስላል። የክንድ ያህል ውፍረት ያለው፣ ጉብጠትና ዓይን የሌለበት ቁራጭ ምረጥ። እርጥብ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ሰንጥቀው፣ መሐሉ ላይ ያለውን እምብርት አውጥተህ ጣል፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ሁለቱን ጫፍ የቀለጠ ሻማ ውስጥ ነክረህ ጥላ ሥር አስቀምጥ። መድረቁን በቀን አትቁጠር፣ በየሳምንቱ መዝነው። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። 12 ሚሊ ሜትር ሆኖ ስለተሰነጠቀ ከግንዱ በጣም ፈጥኖ ይደርቃል።

እኔ አንድ ጓደኛዬ ከጅማ ባመጣልኝ ቁራጭ ስድስት ጥንድ ሠርቼ፣ ከየት እንደመጣ ሳልናገር ጠረጴዛዬ ላይ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅዬ አስቀመጥኳቸው። ቀድመው ያለቁት እነሱ ነበሩ። የቡና እንጨት መሆኑን ስነግራቸው ሁሉም አፍንጫቸው ላይ አድርገው አሸተቱ። ምንም አይሸትም፣ ግን ደስ አላቸው።

ቶርኖው ላይ ሁለት ነገር ቀይር፣ አያያዝህንና ፍጥነትህን። ለጠረጴዛ እግር የኋላውን ሹል አጥብቀህ ነው የምትገፋው። ቀጭን እንጨት ስትገፋው ይጎብጣል፣ ጎብጦ ሲዞር መሐሉ ይወራጫል፣ ሲወራጭ መሮህ ላይ ይወጣል። ስለዚህ እንዲህ አድርግ፦ ከጠንካራ እንጨት ቁራጭ አዘጋጅተህ ቸኩ (የቶርኖው መንጋጋ) ላይ እሰረው፣ መሐሉን በስተህ ወደ ውስጥ የሚጠብ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አውጣለት። የቦቢኑን አራት ማዕዘን ጫፍ እዚያ ውስጥ በመዶሻ ቀስ ብለህ አስገባው፣ ራሱ ይነክሳል። የኋላው ሹል እንጨቱን ለስሙ ያህል ይንካው እንጂ አይግፋው።

ፍጥነቱን በሒሳብ ላሳይህ። 70 ሚሊ ሜትር የጠረጴዛ እግር በደቂቃ 800 ዙር ሲዞር፣ ገጹ መሮህ ፊት በደቂቃ 176 ሜትር ያህል ይሮጣል። በዚያው ፍጥነት 7 ሚሊ ሜትር ቦቢን ብታዞር የሚሮጠው ወደ 18 ሜትር ብቻ ነው፣ አንድ አሥረኛ። መሮው ቃጫውን መቁረጡን ይተውና ይነቅለዋል። የነቀለው ቦታ ነው ክሩን የሚቦጭቀው፤ ብርጭቆ ወረቀት ብታሸው ይለዝብ ይሆናል እንጂ አይድንም። ቺንጊያውን እንጨቱን በሚያዞረው ዘንግ ላይ ወዳለው ትንሹ ፑሊ አውርድና 2,500 ዙር አካባቢ አድርሰው። እንጨቱ ቀላል ስለሆነ አደጋው ከከባድ እንጨት ያንሳል፤ ቢሆንም መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርግ፣ እጅጌህን ሰብስብ፣ ጣትህን ከቸኩ አርቅ።

አፉ በሰያፍ የተሳለ ሰፊ መሮ ካለህ ሥራውን ሁሉ በእሱ ጨርስ። ክንድህ ላይ ያለውን ፀጉር የማይላጭ ከሆነ ገና አልተሳለም። ግራ እጅህ ከእንጨቱ ጀርባ ይሁን፤ ሌባ ጣትህ በጣም ሳትጫን እንጨቱን ደገፍ ታድርገው፣ አውራ ጣትህ መሮውን ይምራው። ጣትህ ከሞቀ ተጭነሃል ማለት ነው። በብረት ቶርኖ ላደገ ሰው ጣት በሚዞር ነገር ላይ ማድረግ ኃጢአት ይመስላል፤ እኔም ብዙ ቀን አልደፈርኩም። ግን መሐሉ የማይወራጨው ከኋላው ጣት ሲኖር ብቻ ነው።

ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፦ ወፍራሙ ቀድሞ፣ ቀጭኑ መጨረሻ። መጀመሪያ አራት ማዕዘን እያለ የጨሌውን ቀዳዳ በትራፓኖ በ1.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ብሳ፤ ክብ ከሆነ በኋላ መሐሉን ማግኘት ዓይን ያደክማል፣ ፑንታውም ይንሸራተታል። ከዚያ ክብ አድርገው፣ እጀታውንና ጌጡን ጨርስ፣ አንገቶቹን ለመጨረሻ አቆይ። አንተ ከአንገቱ ጀምረህ ከሆነ እጀታውን ስትሠራ የሚመጣውን ጫና ሁሉ ያ 3 ሚሊ ሜትር ነው የተሸከመው።

ብርጭቆ ወረቀት 240 ቁጥር፣ ከዚያ 400፣ በቃ። የመጨረሻውን ግን ቶርኖውን አቁመህ በርዝመቱ እሸው፤ እየዞረ የታሸ አንገት ላይ የሚቀረው ጭረት ቀለበት ቀለበት ስለሚሆን ክር ይይዛል። ከዚያ እንደገና አስነሳና ራሱ ያወጣውን ፍቅፋቂ እፍኝ አድርገህ ያዝበት፣ ያብለጨልጨዋል። አሁን ስቶኪንጉን አውጣ። ከያዘ ወደ መሮው ተመለስ፣ ወደ ወረቀቱ አይደለም።

ቬርኒሹን እርሳው። ወፍራም ቅብ አጭሩ አንገት ውስጥ ተጠራቅሞ ጎድጓዳውን ይሞላል፣ ጠብታውም ሲደርቅ ክር ይይዛል። ዘይትም አትቀባ፤ ኑግም ሆነ ተልባ ነጭ ክር ላይ ቢጫ ይተዋል፣ እህትህ ደግሞ ያንን የምታውቀው ሦስት ሳምንት ከሠራች በኋላ ነው። ማብረቅ ካማረህ በስፕሪት የቀጠነ ጎማላካ በጨርቅ እጀታውን ብቻ አስነካው። አንገቱ ራቁቱን ይሁን።

ጨሌውን አትተው። ቦቢኑ ክብ ነው፣ ክብ ነገር ትራስ ላይ ይንከባለላል፣ ሲንከባለል ክሩ ይፈታል ወይም ይጠማዘዛል። የጨሌው ቀለበት ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚተኛ ባለበት ያቆመዋል። በዚያ ላይ 7 ሚሊ ሜትር እንጨት ብቻውን ክሩን ለመወጠር ይቀልላል፤ ክብደት የሚጨምርለት ጨሌው ነው። የተለመደው 9 ነው፣ አንድ ትልቅ ከታች፣ አራት አራት ከግራና ከቀኝ። የድሮዎቹን ብታይ የጎን ጨሌዎቹ አራት ማዕዘን ናቸው፤ መስታወቱ ገና ትኩስና ለስላሳ ሳለ በሞረድ እየተጫኑ ነው የተሠሩት፣ የሞረዱ ጥርስ እስከ ዛሬ ላያቸው ላይ ይነበባል። ገበያህ ላይ ያለው የመስታወት ጨሌ ይበቃሃል፣ ፕላስቲኩን ግን አትንካ፤ ክብደት የለውም። ሽቦው ናስ ወይም መዳብ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት። በቀዳዳው አሳልፈህ ቀለበት ካደረግኸው በኋላ ሁለቱን ጫፎች ጨሌው ቀዳዳ ውስጥ መልሰህ ደብቅ። የወጣ የሽቦ ጫፍ ከመጥፎ አንገት የከፋ ነው፤ ያለቀለትን ዳንቴል ይቀድዳል።

ጌጥ ካነሳህ አይቀር፣ እዚህ አገር እጀታው ላይ ያልተሠራ ነገር የለም። የእርሳስና ቆርቆሮ ቅልቅል አቅልጠው ነጠብጣብ ያፈሰሱበትን «ነብር»፣ ቀለበት ቀለበት ያደረጉበትን «ታይገር» ይሉታል። ለእኔ የሁሉም አለቃ «እናትና ልጅ» የሚሉት ነው፦ እጀታው ውስጡ ተቦርቡሮ፣ መስኮት ወጥቶለት፣ ውስጡ እንደ ስንዴ ዘለላ የቀጠነ ሌላ ቦቢን ይንኳኳል። አንድ እጀታ ላይ አራት መስኮት ለማውጣት ስሞክር ስንት እንደሰበርኩ አልነግርህም።

ጽሑፍ ያለባቸውም አሉ። ፊደሉ የተቀረጸ መስመር አይደለም፣ ትንንሽ ነጥብ እየተበሳ ቀይና ሰማያዊ ቀለም የተሞላበት ነው፣ ከታች ወደ ላይ በእጀታው ዙሪያ እየተጠመዘዘ የሚወጣም አለ። የሴት ስም፣ የልደት ቀን፣ የፍቅር ቃል። በ19ኛው መቶ ዘመን የዲንሻንገሮቹ ኮምፕተኖች፣ የክራንፊልዱ «ቦቢን ብራውን»፣ የቤድፎርዱ የሃስኪንስ ቤተሰብ በዚህ የታወቁ ነበሩ፤ ሰብሳቢዎች ዛሬም የፊደሉን አጣጣል አይተው ማን እንደሠራው ይለያሉ። የሚከብደኝ አንድ ዓይነት ግን አለ። ሰው በአደባባይ ሲሰቀል የሟቹን ስምና ዓመተ ምሕረት ቦቢን ላይ ጽፈው ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 ቤድፎርድ ላይ የተሰቀለው የዊልያም ወርስሊ ስም ያለበት ቦቢን እስከ ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛል፤ ያ በከተማዋ የመጨረሻው የአደባባይ ስቅላት ነበር። ሥራው ንጹሕ ነው፣ አንገቱ እንከን የለበትም። አንዲት ሴት እሱን በየቀኑ ጣቷ መሐል እያንከባለለች የሙሽራ ቬሎ ጠርዝ ስትሠራበት እያሰብኩ ግን ዓይኔን መለስ አደርጋለሁ።

ይህ ሁሉ ጌጥ የበዛው ደግሞ ሙያው እየተዳከመ በሄደበት ዘመን መሆኑ ይገርመኛል። ጆን ሂትኮት የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1808 እና በ1809 የዳንቴል መረብ የሚሠራ ማሽን የፈጠራ መብት ካወጣ በኋላ፣ ማሽኑ ቀስ በቀስ የእጅ ሠሪዎቹን ዋጋ በላው። ሠሪዎቹ ድሆች ነበሩ፤ ልጆች በአምስት በስድስት ዓመታቸው ዳንቴል ትምህርት ቤት ገብተው ቀኑን ሙሉ ትራስ ላይ ይጎነበሱ ነበር። ስማቸው የተጻፈበት አንድ ቦቢን ምናልባት ያላቸው ብቸኛ ጌጥ ነበር። እህትህ ኖርዛምፕተን ካለች ኦልኒ ቅርቧ ነው፤ እዚያ ያለው የካውፐርና ኒውተን ቤተ መዘክር ዳንቴልና ቦቢን ያሳያል። ሄዳ በጎን በኩል ፎቶ ታንሳልህ፣ ከፊት የተነሳ ፎቶ የአንገቱን ጎድጓዳ አያሳይህም።

የቀረው ማጣመር ነው። ቦቢን ሁልጊዜ በጥንድ ነው የሚሠራው፣ አንዱ ክር ሁለቱም ጫፉ ላይ ቦቢን አለውና። የአንዱ ክብደት ከሌላው ከበለጠ ክሩ ወደ ከባዱ ይሳባል፣ ጥለቱም ይጣመማል። ወርቅ ሠሪ ጓደኛ ካለህ ሚዛኑን ተዋስ። 48ቱንም ያለ ጨሌ መዝን፣ ከቀላል ወደ ከባድ ደርድር፣ የተቀራረቡትን አጣምር፤ የቀረውን ልዩነት በታችኛው ትልቅ ጨሌ አስተካክል። ቀለሙና ጌጡ የግድ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም፣ እንዲያውም ጥንዱ በቀለም ቢለያይ ሠሪዋ የትኛው የትኛው እንደሆነ በቀላሉ ታውቃለች።

ግን 48ቱን አንድ ጊዜ አትሥራ። ሦስት ጥንድ ከወይራ፣ ሦስት ጥንድ ከቡና ሥራና ላክላት። በምትሠራበት ቀጭኑ ክር ትጠቅልላቸው፣ ሁለት ሳምንት ትሥራባቸው፣ ከዚያ ሸምቀቆ የሾለከበትንና የያዘበትን ለይታ ምልክት አድርጋ ትመልስልህ። የቦቢኑ ራስ ግማሽ ሚሊ ሜትር ትስፋ ወይስ ትጥበብ የሚለውን የሚወስነው እህትህ የምትጠቀምበት ክር ነው። አጭሩን አንገት በጎን በኩል አጉልተህ ካነሳኸው ፎቶውን እዚሁ ለጥፈው፣ አይቼ እነግርሃለሁ።